ከአስታው በታች ያሉ መቃብሮች፦ በኔዘርላንድ የቬሉወ ሜዳ ቅርስና ተፈጥሮ ለምን በአንድ እጅ መያዝ አለባቸው?

ከአመርስፎርት ወደ ዝዎለ የሚሄደው የኔዘርላንድ ባቡር በመንገዱ ላይ፣ ቬሉወ በተባለው የመካከለኛው ኔዘርላንድ አሸዋማ ምድር ዳር፣ ኤርሜሎ በምትባል ትንሽ ከተማ ይቆማል። ከጣቢያው ተነሥቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር በብስክሌት ለሄደ ሰው ቤቶቹም ጫካውም በድንገት ያበቁና ከ300 ሄክታር በላይ የሚሰፋ ገላጣ ሜዳ ይከፈትለታል። ሜዳውን የሸፈነው ከጉልበት የማያልፍ ቁጥቋጦ ነው። በነሐሴ ወር ሲያብብ ምድሩ ሁሉ ወይን ጠጅ ይለብሳል፤ የንቦቹም ድምፅ ከመንገዱ ላይ ይሰማል። የአገሩ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ምድር “ሄይደ” ይሉታል። በእኛ ቋንቋ የሚቀርበው ስም አስታ ነው፤ በስሜንና በባሌ ተራሮች ላይ የምናውቀው አስታና የቬሉወ ቁጥቋጦ የአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ አባላት ናቸውና። የእኛው እንደ ዛፍ ቀና ብሎ ያድጋል፤ የእነርሱ ከመሬት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ “የአስታ ሜዳ” ስል ይህን ምድር ማለቴ ነው፤ ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በሜዳው ላይ እዚህም እዚያም ክብ ጉብታዎች አሉ። አብዛኞቹ ከአንድ ሰው ቁመት ያነሱ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ10 እስከ 20 ሜትር የሚሆኑ ናቸው። ያልተነገረው እንግዳ ነፋስ የከመረው አሸዋ መስሎት ያልፋቸዋል፤ ደክሞት ከሆነም ወጥቶ ይቀመጥባቸዋል። ነገር ግን እነዚህ ጉብታዎች መቃብሮች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2900 ገደማ፣ የጊዛ ፒራሚዶች ገና ሳይታሰቡ ነው። ልማዱ በነሐስ ዘመን በሙሉ ቀጥሎ፣ ከዚያም በኋላ የተቃጠለ አስከሬን አመድ በማሰሮ እያኖሩ አነስተኛ ጉብታ የመከመር ሥርዓት ተተክቶ እስከ ብረት ዘመን ዘልቋል። በዚሁ በኤርሜሎ ሜዳ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሮማ ወታደሮች ለአጭር ጊዜ የሰፈሩበት ካምፕ የአፈር ግንብ አሁንም ይታያል። ሮማውያኑ ሲደርሱ ከጉብታዎቹ አብዛኞቹ ከ1,500 ዓመት በላይ የሆናቸው አሮጌ መቃብሮች ነበሩ።

ዛሬ ይህን ቦታ የሚጠብቁት ሕጎች ሁለት ናቸው። ብዙዎቹ ጉብታዎች የመንግሥት ቅርስ ሆነው ተመዝግበው በቅርስ ሕግ ይጠበቃሉ። በጉብታዎቹ ዙሪያ ያለው አስታ፣ ወፉና እንሽላሊቱ ደግሞ ናቱራ 2000 በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የተፈጥሮ ጥበቃ መረብ ሥር ነው፤ በዚህ መረብ ውስጥ ቬሉወ ብቻውን ወደ 90,000 ሄክታር ይይዛል። ባለሙያዎቹም እንዲሁ ተለያይተዋል፤ አርኪዮሎጂስቱ ጉብታውን ያያል፣ የተፈጥሮ ባለሙያው ሜዳውን። የኔ ክርክር ይህ አከፋፈል ከመነሻው ስሕተት አለበት የሚል ነው። ጉብታውና ሜዳው በአንድ ዓይነት ሕዝብ እጅ፣ በአንድ ዓይነት ሥራ የተገኙ ናቸው። አሁን ቬሉወን የያዘው የናይትሮጅን ቀውስም (ከእርባታና ከጭስ የሚወጣው ናይትሮጅን በምድሩ ላይ ከመጠን በላይ መውረዱ) አንዱን ጠብቆ ሌላውን መተው እንደማይቻል በየዓመቱ እያሳየ ነው።

ይህን ለመረዳት ጉብታው ከምን እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል። የነሐስ ዘመን ሰዎች ለጉብታው አፈር ከሩቅ አላመጡም። በዙሪያው ያለውን ምድር ከነቁጥቋጦውና ከነሥሩ እንደ ጡብ እየቆረጡ፣ ብዙውን ጊዜም የበቀለበትን ፊት ወደ ታች እየገለበጡ ደረደሩት። 15 ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ቁመት ላለው ጉብታ ወደ 130 ሜትር ኩብ አፈር ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ከ1,300 ካሬ ሜትር የማያንስ መሬት መላጥ ነበረበት ማለት ነው። ለአንድ ሟች ሲባል የመንጋ መሰማሪያ የሆነ ሣር በዚህ መጠን መንሣት ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ቤተሰቡ ወይም ጎሳው ከሀብቱ ከፍሎ ያደረገው ነገር ነው።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የግሮኒንገኑ አርኪዮሎጂስት አልበርት ኤገስ ፋን ኺፈን ጉብታዎችን የሚቆፍርበት አዲስ ዘዴ አወጣ። ጉብታውን እንደ ድፎ ዳቦ በአራት ይከፍልና በክፍሎቹ መካከል ቀጭን የአፈር ግድግዳ እያስቀረ ይቆፍራል፤ በግድግዳው ላይም የጉብታው አሠራር ከላይ እስከ ታች ይነበባል። በእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ እያንዳንዱ የተገለበጠ ቁራጭ ለብቻው ይለያል፤ ጥቁር መስመር፣ ከሥሩ ግራጫ አሸዋ፣ እንደገና ጥቁር መስመር፣ እንደገና ግራጫ። ጥቁሩ የዚያን ዘመን ሰው እግር የረገጠው የሜዳው ገጽ ነው። አራት ሺህ ዓመት ሙሉ ተደርቦ ቆይቷል።

ከሁሉ በታች፣ በመቃብሩ ጉድጓድ ውስጥ፣ ሰው አለ ማለት ይከብዳል። የቬሉወ አሸዋ አሲድ የበዛበትና ካልሲየም የሌለው ስለሆነ አጥንትን አያኖርም። የሚቀረው ጥላ ነው። ቆፋሪው አሸዋውን በመጥረጊያ ማንኪያ ቀስ እያለ ሲፍቅ፣ ከቢጫው አሸዋ ውስጥ ትንሽ የጠቆረ ቅርጽ ይወጣል፦ የታጠፈ ጉልበት፣ የጀርባ ቅስት፣ የራስ ክብ። አንዳንድ ጊዜ የጥርስ ገለፈት ብቻ ሳይበሰብስ ይገኛል። በገመድ በታተመ ሸክላቸው የሚታወቁት የመጀመሪያዎቹ ጉብታ ሠሪዎች ወንዱን በቀኝ ጎኑ፣ ሴቷን በግራ ጎኗ አጥፈው፣ የሁለቱንም ፊት ወደ ደቡብ አዙረው ይቀብሩ ነበር፤ ይህን የምናውቀው ከሌሎች አገሮች አጥንቶችና ከእነዚህ ጥላዎች ነው። ጥላ ግን የዘር ምርመራ አይደረግለትም። በሌላው የአውሮፓ ክፍል ከአጥንት እየተወሰደ የዚያን ሕዝብ ፍልሰት ያስረዳው የዲኤንኤ ጥናት በቬሉወ አሸዋ ላይ በአብዛኛው እጁ አይደርስም። ጥላውም አንድ ሥር ሲያልፍበት ወይም አንድ አውሬ ጉድጓድ ሲምስበት ለዘለዓለም የሚጠፋ የአፈር ቀለም ነው። የጥበቃው ጥያቄ ከድንጋይ ሐውልት ይልቅ እዚህ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

የተደረደሩት የአፈር ቁራጮች ሌላም ነገር ይዘዋል፤ የአበባ ብናኝ። በጉብታው ሥር ተከድኖ የቀረው የጥንቱ የመሬት ገጽ በዚያ ዓመት ምን ያብብ እንደነበር የሚናገር ብናኝ አለው። በላይደን ዩኒቨርሲቲ ማሪከ ዶረንቦሽ በ2013 ያጠናቀቀችው ምርምር ከመካከለኛውና ከደቡብ ኔዘርላንድ ጉብታዎች የተወሰደውን ብናኝ መርምሮ አንድ የቆየ አስተሳሰብ እንዲስተካከል አድርጓል። ቀድሞ ሰዎች ለመቃብር ሲሉ ከጫካ ውስጥ ትንሽ ቦታ እንደመነጠሩ ይታሰብ ነበር። ብናኙ የሚያሳየው ግን ጉብታው ሲሠራ አስታው ቀድሞ እንደነበረ ነው። ሰዎቹ ሟቾቻቸውን የቀበሩት ራሳቸው ወይም አባቶቻቸው በከብትና በበግ፣ በእሳትና በምንጠራ ገላጣ አድርገው በያዙት የግጦሽ መሬት ላይ ነበር።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ትልቅ ነው። በዚህ አገር ለም ባልሆነ አሸዋ ላይ ያለ ሜዳ ለብቻው ቢተው ሜዳ ሆኖ አይቆይም፤ በርች የተባለው ዛፍና ፓይን ይበቅሉበትና በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ጫካ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ “ተፈጥሮ” ብለን የምንጎበኘው የአስታ ሜዳ በእረኛ የተሠራ ምድር ነው። በትውልድ ላይ ትውልድ መንጋ ባይነዳበት ኖሮ አይኖርም ነበር። ጉብታውም የዚያው ምድር ቆዳ ተገፎ የተከመረበት ነው። የመቃብሩና የግጦሹ ታሪክ አንድ ላይ የተጻፈ ነው ስል ይህን ማለቴ ነው።

በቬሉወ ምሥራቅ ከኤፐ ወደ ኒርሰን የሚሄድ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የጉብታዎች ሰልፍ አለ። ይህን ሰልፍ ያጠናው የላይደኑ አርኪዮሎጂስት ኩዌንቲን ቡርዥዋ ነው። ጉብታዎቹ እርስ በርስ እንዲተያዩ ሆነው መደርደራቸው ምድሩ በዚያን ጊዜ ምን ያህል ገላጣ እንደነበረ ይመሰክራል። ዛሬ የሰልፉ ብዙ ክፍል ጫካ ውስጥ ነው። ከአንዱ ጉብታ ላይ ቆሞ ቀጣዩን ማየት አይቻልም፤ መቃብሮቹ አሉ፣ ሠሪዎቻቸው ያሰቡት እይታ ግን የለም። ከቬሉወ ወጥተን ወደ ደቡብ፣ ወደ ብራባንት ብንሄድ የተሻለ ነገር እናያለን። ቶተርፎውት በተባለው ቦታ አርኪዮሎጂስቱ ቪለም ኽላስበርኸን ከ1948 እስከ 1951 ከሠላሳ በላይ ጉብታዎችን ቆፍሮ፣ በብዙዎቹ ዙሪያ የእንጨት ምሰሶዎች በክብ ቆመው እንደነበር ከአፈሩ ቀለም አገኘ። ከጉብታዎቹ የተወሰኑት ታድሰው፣ ምሰሶዎቹም በቀድሞ ቦታቸው በአዲስ እንጨት ተተክተው ለጎብኚ ይታያሉ። አካባቢው “ስምንቱ ብፅዕናዎች” የሚል ስም አለው፤ የአንዳንዶቹ መንደሮች ስም መጨረሻ በአገሩ ቋንቋ “ብፁዕ” ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል የወጣ ስያሜ ነው። አንቀጸ ብፁዓንን በቃሉ የሚያውቅ አማርኛ አንባቢ ይህን ስም የሚረሳ አይመስለኝም።

ሜዳው ከነሐስ ዘመን በኋላም በሥራ ላይ ነበር። በመካከለኛው ዘመን የአሸዋ ምድር ገበሬዎች የአስታውን ገጽ እየቆረጡ በበጎች ጋጥ ወለል ላይ ያነጥፉ፣ ሲርስና ሲፈግ አውጥተው በአጃ ማሳቸው ላይ ይበትኑ ነበር። በአንዳንድ መንደሮች ዙሪያ ያለው የእርሻ አፈር በዚህ መንገድ ተከምሮ አንድ ሜትር ደርሷል። ይህ ኑሮ ያበቃው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ መጣ፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ሱፍ የአገሩን በግ ዋጋ አሳጣ። በ1888 የተመሠረተው ሄይደማትስኻፓይ የተባለ ማኅበር “ባዶ” የተባለውን ምድር ወደ እርሻና ወደ ደን መለወጥ ዓላማው አደረገ። በዚያ መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ 600,000 ሄክታር ይደርስ ከነበረው የአስታ ሜዳ ዛሬ የቀረው 40,000 ያህል ነው። በዚህ መካከል ስንት ጉብታ ማረሻ እንደደመሰሰው ቆጥሮ መናገር የሚችል የለም። የተረፉት በአብዛኛው የተረፉት ለእርሻ በማይመች ቦታ፣ በንጉሣዊ አደን ስፍራ ወይም በወታደር ማሠልጠኛ ውስጥ ስለነበሩ ነው።

የአሁኑ አደጋ ከማረሻ የተለየ ነው። አስታ በድኻ አፈር ላይ የሚያሸንፍ ተክል ነው፤ ሌላው ሲራብ እርሱ ይጠግባል። በአራት ሺህ ዓመት ውስጥ የሜዳውን አፈር ድኻ አድርጎ ያቆየው ያለማቋረጥ የመጋጡና የመላጡ ሥራ ነበር። አሁን ግን ናይትሮጅን ከሰማይ ይወርዳል። ከቬሉወ በስተምዕራብ በምትገኘው ጌልደርሰ ቫለይ የዶሮና የአሳማ እርባታ በብዛት ተከማችቷል። ከፍግ የሚወጣው አሞኒያ ከመኪናና ከፋብሪካ ጭስ ጋር ተደምሮ፣ በአብዛኛው ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ በሚነፍሰው ነፋስ እየተነዳ በሜዳውና በጫካው ላይ ያርፋል። የአውሮፓ ባለሙያዎች በ2022 ባሻሻሉት መለኪያ መሠረት ደረቅ የአስታ ሜዳ ሳይጎዳ ሊሸከም የሚችለው ናይትሮጅን በዓመት በሄክታር ከ5 እስከ 15 ኪሎ ግራም ነው። በኔዘርላንድ በአማካይ የሚወርደው 20 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

ይህ ቁጥር በሜዳው ላይ ምን እንደሚመስል በዓይን ይታያል። ፔይፐንስትሮቸ የሚባል ረጅም ሣር በአስታው መካከል ይበቅልና ቀስ በቀስ ይውጠዋል። ናይትሮጅን የጠገበው የአስታ ቅጠል ደግሞ እርሱን ብቻ ለምትበላ አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ የሰባ ምግብ ይሆናል፤ ጥንዚዛዋ በበዛችበት ዓመት ሰፋፊ ሜዳ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። በሞተው አስታ ቦታ የሚገባው ሣሩ ነው፤ ከሣሩ በኋላ በርችና ፓይን። በጉብታው አናት ላይ የበቀለ የፓይን ችግኝ በሠላሳ ዓመቱ ሥሩን ወደ መቃብሩ ጉድጓድ አውርዶ ጥላውን ይበጣጥሳል። ዛፉ በማዕበል ሲወድቅ ደግሞ ከነሥሩ የጉብታውን አንድ ጎን ነቅሎ ይነሣል። ጥር 18 ቀን 2018 በተነሣው ማዕበል በአገሩ ደኖች እጅግ ብዙ ዛፍ መውደቁ ይታወሳል። በሣርና በቁጥቋጦ የተሸፈነ ጉብታ ባጀር ለሚባለው ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬና ለጥንቸልም መደበቂያ ይሆናል፤ ባጀሩ ራሱ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ከገባ በኋላ ማስወጣቱ ሌላ የፈቃድ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ግንኙነት ማንሣት እፈልጋለሁ። ናይትሮጅኑና ከእርሱ በፊት የወረደው የሰልፈር ዝናብ በተፈጥሮው አሲዳማ የነበረውን የቬሉወ አፈር ይበልጥ አሲዳማ አድርገው የቀረውን ጥቂት ካልሲየም አጥበውታል። በ1994 የታተመ ጥናት በቬሉወ ጫካ ኮልሜስ የምትባለው ትንሽ ወፍ ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል የምትጥለው፣ ካልሲየም የምታገኝበት ቀንድ አውጣ ከአሲዳማው አፈር ስለጠፋ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህም አጥንታቸው የተሰበረ ጫጩቶች በጎጆ ውስጥ ተገኝተዋል። የአራት ሺህ ዓመቱን ሟች አጥንት የበላው አፈር በዛሬው ጫጩት አጥንት ላይም ደርሷል ማለት ነው። ልዩነቱ ያኛው በሺህ ዓመታት ዝግታ የሆነ ሲሆን፣ ይህኛው በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ በእኛ ሥራ የተፋጠነ መሆኑ ነው።

የተፈጥሮ ጠባቂዎቹ ለዚህ ያገኙት መድኃኒት ለረጅም ጊዜ መላጥ ነበር። የሜዳውን ገጽ በማሽን ገፎ ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ጋር ማውጣት በተለይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሰፊው ተሠርቶበታል። ሐሳቡ ከጥንቱ አሠራር የተወሰደ ቢሆንም ማሽን የአካፋን ያህል አያስተውልም። በጉብታው ዙሪያ ያለው መሬት ባዶ አይደለም፤ የምሰሶዎቹ ጉድጓድ፣ ጉብታ ያልተሠራላቸው መቃብሮች፣ የጥንት የጋሪ መንገድ ሁሉ ከገጹ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ይገኛሉ። በካርታ ላይ ጉብታው በክብ ተከልሎ ሳይነካ ሲቀር፣ ዙሪያው ግን ተልጦ ታሪኩ በጭነት መኪና ሲሄድ የቅርስ ሕጉ ቃል በቃል ተከብሮ ትርጉሙ ጠፍቷል። ለተፈጥሮውም ቢሆን ጥልቅ መላጥ ከናይትሮጅኑ ጋር ሌላውንም ማዕድን አብሮ እንደሚወስድ ታውቋል፤ በዚህ ምክንያት አሁን ባለሙያዎች በትንሽ በትንሹ መላጥን፣ የተፈጨ ድንጋይ በሜዳው ላይ መበተንንና ግጦሽን ይመርጣሉ። ለቅርሱም ለሜዳውም የሚስማማው መፍትሔ አንድ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ሁለቱንም የሠራው ግጦሽ ነበርና።

ግጦሹን የሚያካሂደው እረኛ ግን ራሱ ችግር ላይ ነው። የዛሬ የአስታ መንጋ ከሱፍም ከሥጋም አይኖርም፤ የሚኖረው ለተፈጥሮ ጥበቃ ሥራው በሚከፈለው ክፍያ ነው፣ ውሉም ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ተኩላ ተመልሷል። በቬሉወ ከረጅም ዘመን በኋላ የመጀመሪያዎቹ የተኩላ ግልገሎች የተወለዱት በ2019 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በግ የነበረው ሁሉ የሌሊት ጋጥ፣ የኤሌክትሪክ አጥርና ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልገዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2025 የተኩላውን የጥበቃ ደረጃ ዝቅ አድርጓል፤ ያም ቢሆን መንጋው ማታ ወደ ጋጥ መግባቱን አያስቀረውም። ተኩላው የሜዳው ባለቤት ነው ወይስ እንግዳ የሚለው ክርክር በአገሩ ጋዜጦች ላይ እሳት እንደሆነ ነው። እኔ ግን ተኩላ በነበረበት ዘመንም እረኛ እንደነበረ እገምታለሁ፤ የጎደለው ለእረኛው ሥራ የሚከፈለው ተመን ነው።

በባሌ ተራሮችም የሚመሳሰል ጥያቄ አለ። በዚያ ያሉ ከብት አርቢዎች አስታውን በእሳት እያደሱ ለመንጋቸው ለጋ ሣር ያገኛሉ፤ የብሔራዊ ፓርኩ ሕግ ደግሞ እሳቱን ይከለክላል። አርቢው ምድሩን ያጠፋል ወይስ ምድሩ የአርቢው ሥራ ነው ለሚለው ጥያቄ የቬሉወውን መልስ ለባሌ እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ ተክሉም፣ ከፍታውም፣ የሕዝቡም ብዛት አይመሳሰሉም። ሆኖም ማንኛውንም የአስታ ምድር “ሰው ያልነካው” ብሎ መነሣት ጥናቱን ከመጀመሩ በፊት ያሳስተዋል።

የሚጠበቀው ምን ያህል እንደሆነ ራሱ ገና በቅርቡ እየታወቀ ነው። ኔዘርላንድ መሬቷን በሙሉ ከአውሮፕላን በሌዘር ለክታ የከፍታ ካርታ ሠርታለች፤ ካርታውም ለሁሉም ክፍት ነው። የላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቬሉወ ከሚገኝበት ከጌልደርላንድ ክፍለ ሀገር የቅርስ ባለሙያዎች ጋር ሆነው በ2019 “ኤርፍኹት ኸዞኽት” (“ቅርስ ይፈለጋል” እንደ ማለት) የሚል ፕሮጀክት ጀመሩ። በሺህ የሚቆጠሩ ፈቃደኞች በየቤታቸው ተቀምጠው የካርታውን ቁራጮች በኮምፒዩተር እየተመለከቱ ክብ ጉብታ የሚመስለውን ሁሉ ምልክት አደረጉበት። ከዛፍ በታች ተሸሽገው የቆዩ፣ በማንኛውም መዝገብ ላይ ያልነበሩ ብዙ ጉብታዎች በዚህ ተገኙ፤ ቀጥሎም ተመራማሪዎቹ በጠባብ የአፈር መሰርሰሪያ በቦታው ላይ አረጋገጡ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ከሥራው ጋር የመጣው ኃላፊነት ደግሞ የደን ሠራተኛው ትራክተሩን ከማስነሣቱ በፊት ያንን ካርታ እንዲያይ ማድረግ ነው፤ በመዝገብ የሌለ ጉብታ ሕግ አያስጥለውም።

ጎብኚውም ድርሻ አለው። ባለፈው ነሐሴ በቆምኩበት አንድ ጉብታ ላይ፣ ከግርጌው እስከ አናቱ ወጥቶ በሌላው ጎን የሚወርድ የተራራ ብስክሌት ጎማ ያሰመረው ቦይ ነበር። ስፋቱ ከመዳፌ አይበልጥም። በቦዩ ውስጥ አስታው ጠፍቶ ግራጫው አሸዋ ወጥቷል፤ ጠርዙ ላይ ጎንበስ ብዬ ስመለከት ከአሸዋው መካከል አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር ተቆርጣ ትታይ ነበር። የተገለበጠ የአፈር ቁራጭ ጠርዝ ነበረች ብዬ አምናለሁ። በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ ቦዩን ያሰፋዋል። ያ ብስክሌተኛ ክፉ ሰው አልነበረም፤ መቃብር ላይ እንደሚወጣ አላወቀም። በእኛ ዘንድ መቃብር መርገጥ ነውር ነው፤ እዚያ አገርም ሰው የወላጁን መቃብር በብስክሌት አያልፍበትም። ልዩነቱ የዕውቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ጉብታን በሽቦ አጥር ማጠር አልደግፍም፤ በግ የማይደርስበትን ጉብታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሣርና ችግኝ ይውጠዋል። መንገዱን ሁለት ሜትር ዞር ማድረግና ከጎኑ ምን እንዳለ በአጭሩ የሚናገር ሰሌዳ መትከል ይበቃል።

ከዚህ በላይ ያለው ውሳኔ በመንግሥቱ መቀመጫ በሄግ ነው። የአገሩ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ግንቦት 29 ቀን 2019 መንግሥት የሚጠቀምበትን የናይትሮጅን ፈቃድ ሥርዓት ከአውሮፓ ሕግ ጋር አይስማማም ብሎ ከሻረው ወዲህ፣ የእርሻም የግንባታም ፈቃድ ተቆላልፎ ገበሬው በትራክተር አደባባይ ወጥቷል። ጥር 22 ቀን 2025 ደግሞ ግሪንፒስ የተባለው የአካባቢ ተሟጋች ድርጅት ባቀረበው ክስ የሄግ ፍርድ ቤት፣ በናይትሮጅን ከሚጎዳው የተፈጥሮ ምድር በግማሹ ላይ የሚወርደው መጠን እስከ 2030 መጨረሻ ምድሩ ሊሸከም ከሚችለው በታች እንዲሆን መንግሥትን አዟል፤ ካልፈጸመ 10 ሚሊዮን ዩሮ ይቀጣል። በዚህ ክርክር ውስጥ ገበሬው፣ ወፏና አስታው በየጠበቆቻቸው ይቀርባሉ። ጉብታዎቹን ግን ማንም አያነሣቸውም፤ የቅርስ ጉዳይ የሌላ መሥሪያ ቤት ፋይል ነውና። ገበሬው የሚጠየቀው ለወፍ ብቻ እንደሆነ ስለሚነገረው ይበሳጫል። የሚጠየቀው ግን እንደ እርሱ ከብት አርቢ የነበሩ ሰዎች ሠርተው ያቆዩትን የግጦሽ ምድር፣ በውስጡም ሟቾቻቸውን የቀበሩበትን ስፍራ ለማዳን ጭምር መሆኑ ቢነገረው፣ ቢያንስ ንግግሩ በሌላ ቃና ይጀመር ነበር።

ሊደረግ የሚችለው ብዙ አይደለም፤ ሊደረግ የሚችለው ግን የታወቀ ነው። አሞኒያው ከምንጩ መቀነስ አለበት፤ ይህ ሳይሆን የሚደረገው መላጥም ሆነ መንጋ መንዳት የሚፈስ ጣሪያ ሥር ወለል እንደ መጥረግ ነው። የእረኛው ውል ከሦስትና ከአራት ዓመት አልፎ መንጋ ለማሳደግ በሚያስችል ዕድሜ ይረዘም። የሜዳ አያያዝ ዕቅድ ሲወጣ አርኪዮሎጂስቱ በመጨረሻ ፈቃድ እንዲፈርም ከመጠራት ይልቅ ከመጀመሪያው ከተፈጥሮ ባለሙያው ጎን ይቀመጥ፤ ስለ ሜዳው ዕድሜ የብናኙን ምስክርነት የያዘው እርሱ ነውና።

በጉብታው አናት ላይ ግን ማሽንም ፍርድ ቤትም የማይተካው ሥራ አለ። በየዓመቱ ወፎች ጎጆ መሥራት ከመጀመራቸው በፊት፣ በየካቲት ብርድ፣ በአንዳንድ ሜዳዎች ፈቃደኞች በጉልበታቸው ተንበርክከው የፓይንና የበርች ችግኝ በእጃቸው ይነቅላሉ። ችግኙ ገና ጣት ሲያህል ሥሩ ከአንድ ስንዝር አያልፍም፤ አሸዋውን ሳያናጋ ይወጣል። ሦስት ዓመት ከዘገየ መጋዝ ያስፈልገዋል፤ ግንዱ ቢቆረጥም ሥሩ እዚያው ጉብታው ውስጥ ይቀራል።